ቁጥር 8115፦ የአንድ ጡብ ቤት ሥነ ሕንፃና የአጠባበቁ ነገር

ስለ ታሪካዊ ሕንፃዎች የሚጻፈው ሂስ አብዛኛውን ጊዜ ከሠሪው ይጀምራል። ንድፉን ማን አወጣው? ወጪውን ማን ቻለው? የየትኛውን ዘመን ስልት ይከተላል? እነዚህ ጥያቄዎች ቤተ መንግሥትን፣ ቤተ መቅደስንና የባለጸጋን መኖሪያ ለመመርመር የሚያገለግሉ ጥሩ መሣሪያዎች ናቸው። ነገር ግን ንድፍ አውጪው ስሙን ያላኖረበት፣ ነዋሪው ራሱ ያልመረጠው፣ በዙሪያው ካሉት መሰሎቹም በምንም የማይለይ ቤት ታሪካዊ ተብሎ ሲከበር ጥያቄዎቹ ብዙ ርቀት አይወስዱንም። በጆሃንስበርግ ደቡብ ምዕራብ፣ በሶዌቶ ውስጥ ኦርላንዶ ዌስት በሚባለው ሰፈር፣ የቪላካዚና የንጋካኔ መንገዶች በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ የቆመው ቁጥር 8115 የዚህ ዓይነት ቤት ነው። ዓለም የኔልሰን ማንዴላ ቤት ብሎ ያውቀዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቤቱን በመጀመሪያ እንደ ሕንፃ መመርመር፣ ቀጥሎም ወደ ሙዚየምነት ሲለወጥ ምን እንደ ተጠበቀለትና ምን እንደ ጎደለበት መጠየቅ ነው። ጥያቄው ለእኛም ቅርብ መሆኑ በመጨረሻው ክፍል ይታያል። (በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ጡቡና ከተማው

ጆሃንስበርግ በ1886 ወርቅ በመገኘቱ ምክንያት በሜዳ ላይ ድንገት የበቀለች ከተማ ናት። ለግንባታ የፈለገችውን ሁሉ ከሩቅ ማስመጣት ስለማትችል እግሯ ሥር ያለውን ሸክላ አፈር መቆፈር ነበረባት። በ1887 የጊዜው የትራንስቫል መንግሥት፣ አብዛኞቹ ድኾች ቦሮች ለነበሩ ሰዎች በብራምፎንቴይን ጅረት አጠገብ ጡብ እየሠሩ እንዲኖሩ ፈቀደላቸው። ቦታውም «የጡብ ሜዳ» ማለት የሆነውን ብሪክፊልድስ የተባለውን ስም አገኘ። ውሎ አድሮ ከየዘሩና ከየቋንቋው የመጣ ድኻ የሠፈረበት አካባቢ ሆነ። በ1904 ቸነፈር በገባ ጊዜ ባለሥልጣኖቹ አካባቢውን በእሳት አጋዩት፤ በአመዱም ላይ ኒውታውን የተባለውን የንግድ ሠፈር ሠሩ። እንግዲህ ከተማይቱን የገነባው ጡብ ገና ከመነሻው የድኻ እጅ ሥራ ነበር፤ ጡቡን የሠራው ሰው ግን በሠራው ከተማ ውስጥ ለመኖር ያለው መብት ምንጊዜም የሚሻር ነበር። የቁጥር 8115 ታሪክ የዚሁ ታሪክ ተከታይ ምዕራፍ ነው።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የተቃጠለ ጡብ እንግዳ ነገር አይደለም። በአክሱም በ1974 በቁፋሮ የተገኘውና በአራተኛው መቶ ዓመት ገደማ እንደ ተሠራ የሚታመነው «የጡብ ቅስቶች መቃብር» በፈረስ ኮቴ ቅርጽ የታጠፉ የጡብ ቅስቶች አሉት። የአክሱም ግንበኛ በዋነኛነት የሚሠራው በድንጋይ ስለ ነበር ጡቡን ለተለየ ክብር እንደ ተጠቀመበት መገመት ይቻላል። በአክሱም ጡብ ለከበረ ሰው ዕረፍት ዋለ፤ በኦርላንዶ ደግሞ ስሙ በመዝገብ ላይ ቁጥር ለሆነ ሠራተኛ ማደሪያ ዋለ። ቁሱ አንድ ሲሆን ትርጉሙን የሚለውጠው የአሠሪው ሐሳብ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ቋሚ ግድግዳ፣ ጊዜያዊ ነዋሪ

የ1923ቱ የከተማ ቦታዎች ሕግ አፍሪካውያን ከነጮች ተለይተው በተከለለላቸው ሠፈር እንዲኖሩ ለከተማ አስተዳደሮች ሥልጣን ሰጠ። በዚህም መሠረት የጆሃንስበርግ ማዘጋጃ ቤት በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይ ኦርላንዶን ቆረቆረ፤ ሠፈሩም የማዘጋጃ ቤቱ ሹም በነበሩት በኤድዊን ኦርላንዶ ሊክ ስም ተጠራ። ቁጥር 8115 በምዕራቡ ቅጥያ በ1945 የተሠራ ባለ አንድ ፎቅ የቀይ ጡብ ቤት ነው። ማንዴላ ከመጀመሪያ ባለቤታቸው ከወይዘሮ ኤቭሊን ማሴና ከልጃቸው ጋር በ1946 ገቡበት። በ1994 ባሳተሙት ግለ ታሪካቸው ውስጥ ስለ ቤቱ የሰጡት መግለጫ ከማንኛውም የመሐንዲስ ንድፍ ይልቅ ግልጽ ነው። ቤቱ በጠባብ ቦታ ላይ ከተደረደሩ በመቶ ከሚቆጠሩ ቤቶች ጋር አንድ ዓይነት ነበር፤ ጣራው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ማድ ቤቱ ጠባብ፣ መጸዳጃው በጓሮ ያለ ባልዲ ነበር። መንገዱ ላይ መብራት ተተክሎ ሳለ ቤት ውስጥ የሚበራው ኩራዝ ነበር። መኝታ ቤቱም የሁለት ሰው አልጋ ሲገባበት የሚተርፍ ወለል አልነበረውም ማለት ይቻላል። የወር ኪራዩ 17 ሽልንግ ከ6 ፔንስ ነበር። ነዋሪዎቹ ሠፈሩን በሰሜን ባለው የነጭ ባለጸጎች ሠፈር ስም «ዌስትክሊፍ» እያሉ ይጠሩት እንደ ነበርም ይነግሩናል። ቀልዱ ምሬት ያለበት ቢሆንም ቤቱን ከነመጠኑ በትክክል የለካ የመጀመሪያው የሥነ ሕንፃ ሂስ እርሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሕዝቡ እንደነዚህ ያሉትን ቤቶች «የክብሪት ሣጥን» ብሎ ሰየማቸው። በ1951 ደግሞ የአገሪቱ የሕንፃ ምርምር ተቋም 51/6 በመባል የሚታወቀውን ባለ አራት ክፍል ቤት ንድፍ አወጣ፤ ስፋቱ 40 ካሬ ሜትር ያህል ነበር። በዚያ ምርምር ዋናውን ድርሻ የያዙት አርክቴክት ዳግላስ ካልደርዉድ ስለዚሁ ጉዳይ በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፍ አቅርበዋል። በዚያው በ1951 የወጣ ሌላ ሕግ አፍሪካውያን በግንበኝነትና በአናጢነት እንዲሠለጥኑ ፈቀደ፤ በሠለጠኑበት ሙያ መሥራት የሚችሉት ግን ለአፍሪካውያን በተከለለው ሠፈር ብቻ ነበር። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ስለ ብርሃን፣ ስለ አየር፣ ስለ ክፍሎች አቀማመጥና ስለ ዋጋ የተደረገው ጥናት በሳይንሳዊ መመዘኛ ሲታይ ከንቱ አይደለም። ጥናቱ ያልጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ እርሱም «በዚህ ቤት ውስጥ የሚኖረው ሰው ምን ይፈልጋል?» የሚለው ነው። ዕውቀት ይህን ጥያቄ ሲዘል ምንኛ ትጉህ ሆኖ ለግፍ አገልጋይ ሊሆን እንደሚችል፣ በምርምር ተቋማት ውስጥ ዕድሜያችንን ለፈጀን ሰዎች ከባድ ትምህርት ነው።

ከሥነ ሕንፃ አኳያ ሲመረመር የቤቱ ዋና ጠባይ በቁሱና በሕጉ መካከል ያለው ተቃርኖ ነው። ጡብ ከመቶ ዓመት በላይ የሚቆይ ቁስ ነው፤ ጡብ የሚደረድር ሰው ልጅና የልጅ ልጅ በቦታው እንደሚኖር ይመሰክራል። ሕጉ ግን አፍሪካዊውን ሠራተኛ በከተማው ውስጥ እንደ መንገደኛ ይቆጥረው ነበር። ለ99 ዓመት የሚጸና የይዞታ መብት የተፈቀደው በ1978 ሲሆን፣ ሙሉ ባለቤትነት የተፈቀደው በ1986 ነው። ከዚያ በፊት ቤቱ ቋሚ፣ ነዋሪው ጊዜያዊ ነበር። ኦርላንዶ አጠገብ የተተከለው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ለከተማው ኃይል ሲያቀርብ፣ ጢሱ የሚወርድባቸው ቤቶች ለብዙ ዓመታት በኩራዝ ሲያመሹ መቆየታቸውም የዚሁ ተቃርኖ ሌላ መልክ ነው። የማመንጫው ማማዎች ከሩቅ የሚታዩ ግዙፎች ናቸው፤ የክብሪት ሣጥኖቹ ደግሞ ከአጠገብ እንኳ አንዱ ከአንዱ አይለዩም። መጠን ራሱ የአገዛዝ ቋንቋ ነበር።

የተመረጠ ድኽነትና የተጫነ ድኽነት

ይህን ነጥብ ለማብራራት በዚሁ ከተማ ያለ ሌላ ቤት ማነጻጸሪያ ይሆናል። በሰሜን ጆሃንስበርግ ኦርቻርድስ በተባለው ሠፈር አርክቴክቱ ኸርማን ካለንባክ በ1907 «ክራል» የሚባል ቤት ሠሩ። የአፍሪካን ክብ ጎጆ ቅርጽ ተከትለው፣ ጣራውን በሣር ከድነው ነው የሠሩት። ጋንዲ በ1908 እና በ1909 ከእርሳቸው ጋር በዚያ ቤት ኖረዋል። ቤቱን በ2009 አንድ የፈረንሳይ የጉዞ ድርጅት ገዝቶ አሳደሰው፤ ከ2011 ጀምሮም ሙዚየምና የእንግዳ ማረፊያ ሆነ። ካለንባክም ሆኑ ጋንዲ ከዚያ የሰፋ ቤት የማግኘት አቅም እያላቸው ትንሹን መረጡ። እንዲህ ያለው ትሕትና የመንፈስ ተግባር ነው፤ ሕንፃውም ይህንኑ በውበት ይናገራል። በኦርላንዶ ግን ትንሽነት ከላይ የተደነገገ ነበር። ሁለቱን ቤቶች «ቀላል አኗኗር» በሚል አንድ ስም ማወደስ የሚያምር ስሕተት ነው፤ ምርጫ ያለው ሰው ጠባብ ክፍልና ምርጫ የሌለው ሰው ጠባብ ክፍል ስፋታቸው እኩል ቢሆንም አንድ ሕንፃ አይደሉም።

ማንዴላ ራሳቸው የሰጡት ምስክርነት ለዚህ ድጋፍ ይሆናል። ከእስራታቸው በኋላ በትውልድ መንደራቸው በቁኑ ያሠሩት ቤት ንድፍ የተወሰደው ከመፈታታቸው በፊት ከታሰሩበት ከቪክተር ፈርስተር እስር ቤት ግቢ ውስጥ ካለው ቤት ነው። በግለ ታሪካቸው እንዳስረዱት፣ በሕይወታቸው ሰፊና ምቹ ቤት ያገኙት ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ነበር፤ ክፍሎቹንም ስለለመዷቸው በሌሊት ማድ ቤቱን ለመፈለግ አይቸገሩም። በቁጥር 8115 ስማቸው የታተመበት ሰው ለራሳቸው ሲያሠሩ ቁጥር 8115ን አልደገሙም። ወዳጅ አድናቂዎቻቸው በክብሪት ሣጥኑ ትሕትና ሲመሰጡ ይህን እውነት ማስታወስ ይገባቸዋል።

ቤቱ የማን ነው?

ሕንፃው ታሪካዊ የሆነው ነዋሪዎቹ በውስጡ ባሳለፉት ኑሮ ከሆነ፣ ቀጣዩ ጥያቄ ነዋሪዎቹ እነማን ነበሩ የሚለው ነው። ማንዴላ ከ1946 አንሥቶ ኖሩበት፤ በ1961 ግን ኅቡዕ ገቡ። በ1962 አዲስ አበባ መጥተው በምሥራቅ፣ በመካከለኛውና በደቡባዊ አፍሪካ የነጻነት ንቅናቄዎች ጉባኤ ላይ ተናገሩ፤ በዚያው ዓመት በኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ወሰዱ፤ ዴቪድ ሞትሳማዪ በሚል ስም የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዘው ተጓዙ። ከዚያ በኋላ ወደ ቤቱ የተመለሱት በየካቲት 1990 ሲሆን የቆዩትም 11 ቀን ነው። በ1958 በጋብቻ የገቡት ወይዘሮ ዊኒ ማዲኪዜላ ግን ሁለት ሴት ልጆቻቸውን ያሳደጉት፣ ፖሊስ በሌሊት በር ሲደበድብ የከፈቱት፣ እገዳና እስራት የተፈራረቀባቸው በዚህ ቤት ነው። በ1977 ወደ ብራንድፎርት በግዞት ተወሰዱ፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ ተመልሰው ገቡ። በሐምሌ 1988 በሠፈሩ በተነሣ ግጭት ቤቱ ተቃጠለ፤ በኋላም ታደሰ። ዘመኑን በቀን ቆጥረን ብናካፍል የቤቱ ዋና ነዋሪ እርሳቸው ናቸው። ከእርሳቸው በፊት የትዳሩን መጀመሪያ ዓመታት በዚያ ያሳለፉት ነርሷ ወይዘሮ ኤቭሊን ማሴም አሉ። የቤቱ መጠሪያ ግን የአንድ ወንድ ስም ነው። ይህ የታሪክ አጻጻፍ ችግር ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ በእውነቱ የሥነ ሕንፃም ችግር ነው። ምክንያቱም ቤቱን በሄደው ሰው ስም ስንጠራው የምናየው በሩን ነው፤ በቀረችው ሴት ስም ስንጠራው ግን ማድ ቤቱን፣ መስኮቱንና ልጆች የሚተኙበትን ወለል ማየት ግድ ይለናል።

የሙዚየሙ በጎነትና ጉድለት

ቤቱ በ1997 ለሶዌቶ ቅርስ አደራ ተላለፈ፤ በ1999 ብሔራዊ ቅርስ ተባለ፤ ሰፊ እድሳት ከተደረገለት በኋላ በመጋቢት 2009 እንደገና ተከፈተ። የአዳሾቹ ሥራ ምስጋና የሚገባው ቁም ነገር አለው። በጡቡ ላይ ያለውን የጥይት ቀዳዳና የእሳት ጠባሳ አልለሰኑትም። ጡብ ራሱ ከእሳት የወጣ ቁስ በመሆኑ እሳትን ይችላል፤ ቁስሉንም ሳይደብቅ ይይዛል። በዚህ ረገድ ግድግዳው ከማንኛውም የመግለጫ ጽሑፍ የበለጠ ታማኝ ሰነድ ነው።

ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ ሐሳብ ይነግሣል። ጎብኚው የሚያገኘው ፎቶግራፎችን፣ የክብር ሽልማቶችን፣ ቡጢኛው ሹገር ሬይ ሌናርድ በስጦታ የሰጡትን የዓለም ሻምፒዮና ቀበቶና የመሳሰሉትን ነው። እነዚህ ሁሉ የተከበሩ ነገሮች ናቸው፤ ነገር ግን ቤቱ መኖሪያ በነበረበት ዘመን ያልነበሩ ናቸው። በጠባብ ክፍል ውስጥ ሽልማት ሲደረደር ክፍሉ ካዝና ይሆናል፤ ዓይን ዕቃውን ሲከተል ልኩን ይረሳል። አልጋ ገብቶ የቀረው ወለል ስንት እርምጃ እንደ ነበር፣ ስድስት ሰው በአንድ ማድ ቤት እንዴት እንደሚተላለፍ፣ ውኃ ከየት እንደሚቀዳ፣ ጎረቤት በግድግዳው በኩል ምን እንደሚሰማ የሚናገረው የቤቱ ባዶ ስፋት ነው። ባዶው ስፋት ደግሞ ተሞልቷል።

ሁለተኛው ጉድለት ከደጅ ነው። የክብሪት ሣጥን ትርጉሙ በመደጋገሙ ነው፤ አንዱን ብቻ መርጦ ማክበር የረድፉን ሐሳብ ያጠፋዋል። ዛሬ የቪላካዚ መንገድ በምግብ ቤቶችና በመታሰቢያ ዕቃ ሻጮች የደመቀ የቱሪስት መንገድ ነው። ለነዋሪው እንጀራ በመሆኑ ነቀፌታ የለኝም። ነገር ግን ጎብኚው ቁጥር 8115ን እንደ ብቸኛ ዕንቁ አይቶ ይመለሳል፤ ቁጥር 8114 ወይም ቁጥር 8116 ተመሳሳይ ቤት እንደ ነበረ፣ በየጓሮውም ነዋሪዎች በቆርቆሮና በጡብ የጨማመሯቸው ክፍሎች መኖራቸውን አያስተውልም። መንገዱ ራሱ የተሰየመው በ1946 ከዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕርግ ባገኙት የዙሉ ባለቅኔና የቋንቋ ሊቅ በቤኔዲክት ዋሌት ቪላካዚ ስም ነው። ይህንንም የሚጠይቅ ጎብኚ ጥቂት መሆኑ የአንድ ስም ጥላ ምን ያህል እንደሚሰፋ ያሳያል።

በቅርብ ርቀት ያለው የሄክተር ፒተርሰን ሙዚየም የተሻለ መንገድ ያመለክታል። በሰኔ 16 ቀን 1976 በተማሪዎች ሰልፍ ላይ ለተገደለው ልጅና ለጓደኞቹ መታሰቢያ ሆኖ በ2002 የተከፈተው ይህ አዲስ ሕንፃ የአካባቢውን ቤቶች ቀይ ጡብ ለራሱ ወስዷል። የሠፈሩን ጡብ በሕዝብ ሕንፃ መጠን ሲያቆመው፣ ለአንድ ቤት ብቻ የተሰጠውን ክብር ለረድፉ ሁሉ ያካፍላል። መታሰቢያ ከሠፈሩ ሊነጠል እንደማይገባው አርክቴክቶቹ በቃል ሳይሆን በጡብ ተናግረዋል።

ለእኛ የሚተርፈው ጉዳይ

ከዚህ የኦርላንዶ ታሪክ ተነሥተን ወደ አገራችን ብንመለከት ተመሳሳይ ጥያቄ ይጠብቀናል። በ1975 የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ በዝቅተኛ ዋጋ የሚከራዩትን ቤቶች በቀበሌ እጅ አደረጋቸው። በአዲስ አበባ አያሌ ቤተሰቦች በእነዚያ የቀበሌ ቤቶች ውስጥ ወልደው ከብረዋል፤ ተማሪው ለፈተና ያጠናው፣ ሟች የተለቀሰለት፣ ዕድርና ማኅበር የተጠራው በእነርሱ ውስጥ ነው። ብዙዎቹ ከእንጨትና ከጭቃ የተሠሩ፣ ቆርቆሮ የለበሱ፣ መጸዳጃቸው የጋራ የሆኑ ቤቶች ናቸው። እንደ ክብሪት ሣጥኖቹ ሁሉ አከራያቸው መንግሥት ነበር፤ እንደ እነርሱም የንድፍ አውጪያቸውን ስም የሚያውቅ የለም። ልዩነቱ ቁሱ ላይ ነው፦ ጡብ ለሶዌቶ ምስክር ሆኖ ቆየላት፤ ጭቃ ግን የፈረሰ ዕለት ወደ አፈርነቱ ይመለሳል።

በ2024 የፒያሳና የአካባቢዋ አሮጌ ሠፈሮች በስፋት ፈርሰዋል። ስለ ፈረሳው በተነሣው ክርክር ተቆርቋሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ስም ያላቸውን ሕንፃዎች፣ የመኳንንቱን ሠገነትና የነጋዴውን በረንዳ ጠቅሰው ተሟግተዋል። ክርክሩ ተገቢ ነው፤ ሚሌና ባቲስቶኒና ጂያን ፓኦሎ ኪያሪ በ2004 ባሳተሙት መጽሐፍ የመዘገቧቸው የአዲስ አበባ ጥንታዊ ቤቶች ያለ እንዲህ ያለ ሥራ በስም እንኳ ባልታወቁ ነበር። ሆኖም ስም የሌለው የቀበሌ ቤት ጠበቃ አላገኘም። በሌላ በኩል «ይህ ሁሉ ይጠበቅ» ማለትም ቅንነት የጎደለው ነው። ዝናብ በሚያፈስ ጣራ ሥር፣ ለአሥር ቤተሰብ በአንድ መጸዳጃ የኖረን ሰው በቅርስ ስም በዚያው ኑር ማለት፣ የኦርላንዶን ጠባብ ክፍል ትሕትና እያሉ ከማሞገስ የሚለይ አይደለም። ነዋሪው ከዚያ የተሻለ ቤት የማግኘት መብት አለው። ተነሺው ከጎረቤቱ ሳይነጠል፣ ድምፁም ተሰምቶ እንዲዛወር መጠየቅ አንድ ጉዳይ ነው፤ የኖረበት ቤት ያለ መዝገብ እንዳይጠፋ መጠየቅ ሌላ ጉዳይ ነው። ሁለቱን በአንድነት መጠየቅ ይቻላል፤ ይገባልም።

መዝገቡ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የእያንዳንዱ ቤት ወለል በሜትር ተለክቶ ቢነደፍ፣ በየክፍሉ ማን እንደ ተኛና ምን እንደ ተሠራበት ቢጻፍ፣ የተጨመረውና የተጠገነው ከነዘመኑ ቢመዘገብ፣ የኪራዩ ደረሰኝ ቢቀመጥ፣ ሙዚየም ከሚሰበስበው ሽልማት ይልቅ የዘመኑን ኑሮ ያስረዳል። የቁጥር 8115 ጉድለት ይህን አስተምሮናል፤ ቤቱ ቆሞ ሳለ ኑሮው ሊጠፋ ይችላል። የተገላቢጦሹም እውነት ነው፦ ቤቱ ቢፈርስም ኑሮው ሊመዘገብ ይችላል።

በዚህ ረገድ ስደተኛው ምሁር ከባዶ እጁ አይደለም። በዚሁ በጆሃንስበርግ፣ ዛሬ ራሂማ ሙሳ በተባለው የቀድሞው ጄፒ መንገድ፣ ወገኖቻችን የድሮ የሐኪም ቤት የነበሩ ፎቆችን ከፋፍለው በጥቂት ካሬ ሜትር ሱቆች ሞልተዋቸዋል፤ ይህም ለነገ ታሪክ የሚሆን፣ ዛሬውኑ ሊለካ የሚገባው የአኗኗር ሥነ ሕንፃ ነው። ከዚህም በላይ የማኅበራችን አባላት አብዛኞቹ ያደጉበት ቤት ዛሬ የለም፤ የወለሉ አቀማመጥ ግን በአእምሯቸው አለ። በሩ ወዴት እንደሚከፈት፣ ምድጃው የት እንደ ነበር፣ እንግዳ ሲመጣ ልጆች የት እንደሚተኙ በእርሳስ መንደፍ ለማንም የሚያቅት አይደለም። ማኅበሩ እነዚህን ንድፎች ከነማብራሪያቸው ቢሰበስብና ቅጂውን ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቢያስረክብ፣ ተመራማሪ ትውልድ የሚጠቀምበት መዝገብ ይሆናል። ሥራው ሊቆይ የማይችልበት ምክንያትም ግልጽ ነው፤ ንድፉ ያለው በሰዎች ትዝታ ውስጥ ነው፤ ባለ ትዝታዎቹም ዕድሜያቸው እየገፋ ነው።